በረዶ ቤት የተላከ ሽማግሌ

የእኛ ሰው ሃምሳን ሲሻገር ሁለት ነገር ይመጣበታል፤ የጉልበት ሕመምና ሽምግልና። ለጉልበቱ ክኒን አለው። ለሽምግልናው ግን እስካሁን መድኃኒት የተገኘለት አይመስለኝም። እዚህ ባሕር ማዶ፣ የእኛ ሱቆች በተሰለፉበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ወንድ ሸሚዙን ተኩሶ ብቅ ካለ አለቀለት። ባልና ሚስት ይጣላሉ፤ ይጠራል። አብረው ምግብ ቤት የከፈቱ ጓደኛሞች ይኳረፋሉ፤ ይጠራል። የሰው ልጅ ልትዳር ነው፤ ከረባቱን አስሮ ይሰለፋል። "ትችልበታለህ ወይ?" ብሎ የሚጠይቀው የለም። እናንተም እድሜያችሁ ወደዚያ ከተጠጋ ፀጉራችሁን ቀለም መቀባት ብትጀምሩ አልፈርድባችሁም። እኔ ዘግይቼ ነው የነቃሁት።

ለጋብቻ ቆሜያለሁ፣ ለፍቺ ቆሜያለሁ፣ አንድ ጊዜ በመኪና ማቆሚያ ቦታ ለተኳረፉ ሁለት ጎረቤታሞች ግማሽ ቀን ቆሜያለሁ። ለበረዶ ግን ቆሜ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ እሱንም አየሁት።

ሥራዬ ቤት ማሻሻጥ ነው። ከቢሮዬ ትንሽ ወረድ ብሎ እትዬ ዘነበች በርበሬ፣ ሽሮና ቅመማ ቅመም የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ማህደር ብቻ ናት። ማህደር እንደ ሰው ልጅ ፒያኖ ወይም ቴኒስ ብትማር ምን ነበረበት? በልጅነቷ የክፍል ጓደኛዋ ልደት በረዶ ሜዳ ላይ ተከበረና፣ ኬኳን በልታ መመለስ ሲገባት ልቧን እዚያው ጥላ መጣች። ዛሬ የኮሌጇ የሴቶች በረዶ ሆኪ ቡድን ግብ ጠባቂ ናት። ጨዋታውን ለማታውቁት፣ ሰዎች ጫማቸው ሥር ስለት አስረው በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ በቆልማማ ዱላ አንዲት ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ እየመቱ የሚራኮቱበት ነው። ግብ ጠባቂ ማለት ደግሞ ያቺ ጎማ በመኪና ፍጥነት ስትመጣ ጤነኛ ሰው ሁሉ የሚሸሻትን፣ ፊት ለፊት ቆማ የምትቀበል ማለት ነው። ፊቷ በጭንብል፣ እግሯ የፍራሽ ያህል በወፈረ መከላከያ ይሸፈናል። እትዬ ዘነበች በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ጨዋታ አላዩም። "ልጄ ስትደበደብ ቁጭ ብዬ ላይ?" ነው መልሳቸው።

ኮሌጅ ስትጨርስ እንደ ጉንፋን ይለቃታል ብለው ነበር። አልለቀቃትም። ልትመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀራት፣ በሰሜን በኩል ክረምቱ አልወጣ ከሚልበት ስቴት አንድ ዩኒቨርሲቲ "ማስተርስሽን እዚህ ተማሪ፣ ለቡድናችንም ተጫወቺ" ብሎ ጠራት። እናት አይሆንም አሉ። ልጅ አኮረፈች። ሱቁ ውስጥ እናትና ልጅ የሚነጋገሩት በደንበኛ በኩል ሆነ፤ ሽሮ ልገዛ ገብቼ "ለእናቴ ምሳ ቀርቧል በልልኝ" ተብዬ ተልኬ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ማህደር ቢሮዬ ገብታ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አንክል፣ ሽማግሌ ትሆነኛለህ?" አለችኝ። እዚህ የተወለዱት ልጆች "አንተ" ሲሉኝ ለምጄዋለሁ፤ ደሜ መፍላቱን ካቆመ ቆይቷል።

"ማነው ልጁ?"

"ልጅ የለም። ማሚን ኮንቪንስ እንድታደርግልኝ ነው። ሶ፣ ሰው ማግባት ሲፈልግ ሽማግሌ ይልካል፣ ራይት? እኔ ደግሞ የምፈልገው ሆኪ ነው።"

"እንደዚህ ያለ ሽምግልና የለም፣ ማህደር።"

"ኦኬ፣ ግን ማሚ ለሽማግሌ ኖ አትልም። እሷ ሳትመርቀኝ ደግሞ አልሄድም። ዲሳይድ ማድረግ አለብኝ፣ እየጠበቁኝ ነው።"

ይኼን ስትል ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ እንባ አልችልም። በሥራዬም ስንት ኪሳራ ያመጣብኝ ድክመት ነው። "እሺ" ካልኩ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።

ብቻዬን መግባቱን ስላልደፈርኩ ጋሼ መኮንንን ለመንኩ። ጋሼ መኮንን ሃውቶርን ከተማ ባለው አውሮፕላን ፋብሪካ በኢንጂነርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቤት ሲጋበዙ ከሰላምታ ቀጥሎ ስለ ማሞቂያው አሠራር የሚጠይቁ ሰው ናቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ ዘነበች ቤት ሄድንና፣ በወጉ መሠረት "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" ብለን ቆምን። ጉልበቴን አስታውሱልኝ።

"ልጅዎን ፈልገን ነው የመጣነው" አሉ ጋሼ መኮንን፣ ድምፃቸውን ሞረድ ሞረድ አድርገው።

"ለማን?"

ጋሼ መኮንን ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ምንጣፉን አየሁ።

"ለበረዶ" አልኩ።

ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ "እንግዲህ ሽማግሌ ሆናችሁ ከመጣችሁ እኔም እንደ ልጅ እናት ልጠይቅ" አሉ። "ባል ቢሆን ቤቱን አያለሁ፣ ዘመዶቹን አጠያይቃለሁ። ይኼ በረዶ የምትሉት ቤት የለውም?"

"አለው እንጂ" አልኩ።

"እንኪያስ አንተ ልጅ፣ ቤት ማየት ሥራህ ነው። ያሉትን ዞራችሁ እዩና ደህና ወዳላችሁት ውሰዱኝ። አንድ ቀን አያለሁ። ካልወደድኩት ግን ይህን ነገር ማንም ደግሞ እንዳያነሳብኝ፣ እሷም ብትሆን።"

አንድ ቀን። የልጅቷ ነገር እንግዲህ እኔ በምመርጠው አዳራሽ ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እንዲህ ያለ ዕዳ ቤት ሲገዛም አይገጥም።

ፌርፋክስ ላይ ያለን አንድ ብሎክ ነው፤ ወሬ ከጫፍ እስከ ጫፉ ለመድረስ የትራፊክ መብራት እንኳ አይዘውም። በማግስቱ በረዶ ከብርጭቆ ውጭ አይቶ የማያውቅ ሁሉ አማካሪዬ ሆነ። አንዱ ሆኪ በፈረስ የሚጫወቱት ነው ብሎ ተሟገተኝ። ሌላው በረዶ ላይ የሚቆም ሰው ኩላሊቱ እንደማይተርፍ፣ ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቅ፣ በእርግጠኝነት ነገረኝ። ፀጉሬን የምታስተካክለኝ ልጅ ሳትቀር "ጣሪያው ዝቅ ያለውን ምረጥ፣ እሱ ይሞቃል" አለችኝ። ለሁሉም አመሰግናለሁ እያልኩ አለፍኩ፤ ጨጓራዬን የላጡት ግን እነሱ ናቸው።

የማህደር ቡድን ሊጫወትበት የሚችል አዳራሽ ሦስት ነበር። የመጀመሪያው ገበያ ማዕከል መሐል ያለ ነው። እውነቱን ለመናገር ስገባ ወደድኩት። ፎቅ ላይ ሆነህ፣ በቲሸርት፣ ሩዝህን እየበላህ ቁልቁል ታያለህ፤ ብርድ የሚባል ነገር የለም። ጨዋታው ሲጀመር ግን ግማሹ ሜዳ በምሰሶ ተጋርዶ አገኘሁት። ልጆቹ ዱላ ለዱላ ይቀጠቃጠላሉ፣ ከሱቆቹ የሚወጣው ዘፈን ደግሞ ስለ ፍቅር ይለፈልፋል። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ የገዛችውን ጫማ እየለካች ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታለች። ጋሼ መኮንን "ይኼ መተላለፊያ ነው፤ ሰው ልጁን መተላለፊያ ላይ አይድርም" አሉና ወጣን።

ሁለተኛው ጋርዴና አካባቢ፣ ጎማ ቤትና መጋዘን መሐል የተወሸቀ፣ የማህደር ቡድን የራሴ የሚለው ነው። እንዲህ ያለውን ቤት እኛ በማስታወቂያ "ትንሽ እድሳት ብቻ የሚፈልግ" ብለን ነው የምንጽፈው። ጣሪያው ያንጠባጥባል። መቀመጫው ብረት ነው፤ ብርዱ ከእሱ ተነስቶ በጀርባህ ሽቅብ ይወጣል። እርጥብ ጓንት፣ እርጥብ ጎማና ያረረ ፈንዲሻ ይሸታል። የውጭው በር አልዘጋ ብሎ ነፋስ ሲያፏጭበት ይውላል። ጋሼ መኮንን በረዶውን የሚሠራውን ማሽን ጆሯቸውን ደግነው ካዳመጡ በኋላ "ይኼ ታሟል" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ ዘነበች እዚህ ከገቡ ነገሩ እዚያው በር ላይ ያልቃል ብዬ፣ በልቤ ከመዝገቡ ሰረዝኩት።

ሦስተኛው ፎር ኦ ፋይቭ በሚሉት አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ርቆ ያለ ትልቅ አዳራሽ ነው። እዚህ ስገባ ነፍሴ መለስ አለች። ወንበሩ ስፖንጅ አለው። ሊፍት አለው። የመጠበቂያው ክፍል ይሞቃል፣ መጸዳጃ ቤቱ ያብረቀርቃል፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለው ስክሪን ጎማዋን የዳቦ ያህል አሳድጎ ያሳያል። ጋሼ መኮንን የማሽን ክፍሉን በመስኮት አጮልቀው አይተው "ይኼ አይታመምም" ሲሉ መሰከሩ። በዚያን ቀን የነበረው ተመልካች ከተጫዋቾቹ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም ነበር። ይህንንም እንደ በጎ ነገር ቆጠርኩት፤ መኪና ማቆሚያው እንደ ልብ ነው። እንደ ዕድል ሆኖ የማህደር ቡድን የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ፣ ከሩቅ ስቴት ከሚመጣ ቡድን ጋር፣ እዚሁ ሊጫወት አዳራሹን ተከራይቶ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ይመጣል?

ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ ዘነበችን ልወስድ ሄድኩ። በቀሚሳቸው ላይ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ካፖርት፣ በካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርበው፣ አንድ ፌስታል ቆሎ ይዘው ወጡ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሰው በቁምጣ ይሄዳል። መኪናዬ ውስጥ "ለመለማመድ" ብለው ማሞቂያውን አስከፈቱኝ። ኋላ የተቀመጡት ጋሼ መኮንን ላብ ሲጠርጉ፣ ልንደርስ አንድ መውጫ ሲቀረን፣ ስልኬ ጮኸ።

"አንክል፣ ፕሊስ እንዳትናደድ" አለች ማህደር። "አሬናው ማሽኑ ተበላሽቶ በረዶው ሜልት አድርጓል። ጌሙን ወደ እኛ ሪንክ ሙቭ አድርገውታል።"

በመስታወቱ ጋሼ መኮንንን አየኋቸው። ጋሼ መኮንን በመስኮት ውጭ ውጩን ማየት ጀመሩ።

ቅስሜ ተሰበረ። እትዬ ዘነበችን ጨዋታው ቀርቷል ብዬ ወደ ቤታቸው ልመልሳቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። እሳቸው ግን ጆሯቸው ጤነኛ ነው።

"ወዴት ነው የተዛወረው?"

"ወደ… ወደ ራሳቸው ቤት።"

"የራሳቸው ቤት ካላቸው ታዲያ አንተ ወደ ሰው ቤት ምን ትወስደኛለህ?"

በሚቀጥለው መውጫ ወጥቼ መኪናዬን አዞርኩ።

እንደፈራሁት በሩ ላይ ቆሙ። እትዬ ዘነበች አዲስ አበባ አውቶቡስ ውስጥ የሰው መስኮት እያዘጉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ክፍት በር ካዩ አያልፉም። ትኬት የሚቆርጠውን ሽማግሌ ፈረንጅ "ክሎዝ ዘ ዶር" አሉት። ብርዱ ያለው ውስጥ መሆኑን በትሕትና አስረዳኋቸው። "ብርድና ነፋስ አንድ ነው ያለህ ማነው?" አሉኝ። ሰውየው ነገሩ ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ የቆሻሻ በርሜል ገፍቶ በሩን አስደገፈበት። እኔ ይህን በር ስታዘብ ይህ ሁለተኛዬ ነው፤ እንዲህ ማድረግ አንድም ቀን አልመጣልኝም።

ማህደር ከምትጠብቀው ግብ ጀርባ፣ ሜዳውን የከበበው መስታወት ሥር ተቀመጥን። ቦታው በሰው ተጨናንቋል፤ ወላጅ ብርድ ልብሱን፣ ተማሪ ከበሮውን ይዞ መጥቷል። ጨዋታው ተጀመረና ጎማዋ መስታወቱን ስትመታ እትዬ ዘነበች ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ከዚያ በአንድ ዓይናቸው አዩ። ከዚያ ጋቢውን አወረዱት። ማህደር ትወድቃለች፣ ትነሳለች፣ በእግሯ ትመልሳለች፣ በእጇ ትቀልባለች፤ ባዳነች ቁጥር ሰው ሁሉ መስታወቱን እየደበደበ "ማዲ፣ ማዲ" ይላል።

"ማዲ ማን ናት?"

"ማህደር ናት።"

"ይኼ ሁሉ ሰው ልጄን ያውቃታል?" አሉና ቆሏቸውን አወጡ። ግራና ቀኝ ላለው ፈረንጅ ሁሉ በወረቀት ኩባያ አደሉት። ልቤ ትንሽ ሞቀ።

ከሦስቱ የጨዋታ ክፍሎች የመጀመሪያው አልቆ በረዶውን የሚያለሰልሰው መኪና ሲገባ፣ ጋሼ መኮንን የማሽኑን ደህንነት ሊጠይቁ ሄዱ። እኔ ሻይ ልገዛ ተሰለፍኩ። አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁና ፍረዱኝ። ሦስት አዳራሽ ስዞር ወንበሩን አይቻለሁ፣ መጸዳጃውን፣ ፓርኪንጉን፣ ሊፍቱን አይቻለሁ። ጨዋታውን ግን አንዱንም እስከ መጨረሻው አላየሁም። ስለዚህ ከየእረፍቱ በኋላ ቡድኖቹ ጎን እንደሚቀያየሩ አላወቅሁም።

ሻዩን ይዤ ስመለስ ጨዋታው ተጀምሯል። እትዬ ዘነበች ቆመው በሁለት እጃቸው መስታወቱን ይመታሉ፣ ጋቢው መሬት ወድቋል። ከፊታችን ያለችው ግብ ጠባቂ አንድ ጎል ገባባት። ሌላ ደገሟት። በጉልበቷ ተንበርክካ ቀረች።

"አንተ ልጅ፣ ልጄን አስወጣልኝ" አሉ። "ደክሟታል። ሰው አይደለችም እንዴ? ሂድና ንገራቸው፣ በቃ።"

አለቀ አልኩ። ማህደር ቢሮዬ የተቀመጠችበት ወንበር ሳይቀር ዓይኔ ላይ መጣብኝ። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ የእኛዎቹ ደጋፊዎች ናቸው፤ ልጅቷ ጎል ሲገባባት ከበሮ እየመቱ ይጨፍራሉ። ምን ዓይነት ከሃዲዎች ናቸው ብዬ ልቆጣ ስል፣ የግብ ጠባቂዋ ማሊያ ነጭ መሆኑን አየሁ። የማህደር ሰማያዊ ነው።

"እትዬ፣ ይቺ ማህደር አይደለችም። ጎን ቀይረዋል። ማህደር ያቻትና ከዚያ ማዶ፣ ደህና ናት።"

ማዶ ተመለከቱ። ከዚያ ፊታችን ወዳለችው ዞሩ። ልጅቷ ተነስታ ዱላዋን ታስተካክላለች።

"የእሷስ እናት የታሉ?"

"ከሩቅ ነው የመጡት። ለእነሱ የመጣ ሰው ያለ አይመስለኝም።"

"አንድም?"

"ይነሱ፣ ወደ ማህደር በኩል እንሂድ" አልኩ፣ ጋቢያቸውን እያነሳሁ።

"ተቀመጥ" አሉኝ። "ማህደር የሚጮህላት ሞልቷታል።"

ተቀመጥኩ። እትዬ ዘነበች መስታወቱን ቆርቆር አድርገው "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ" ማለት ጀመሩ፤ በአማርኛ፣ ለተቃራኒ ቡድን፣ በእኛ ደጋፊዎች መሐል። ሰው ዞሮ አየን። ቆሎ የበሉት ሁሉ ቅር ሲላቸው ታወቀኝ። የምገባበት ጠፋኝ። ልጅቷ ግን አንድ ጊዜ አንገቷን መለስ አድርጋ ጋቢ የለበሱትን ሴትዮ አየችና፣ በዚያ በከባድ ጭንብሏ ራሷን ነቅንቃ እሺ አለች። ከዚያ በኋላ ጎል አልገባባትም ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ ገባባት። ግን አልተንበረከከችም።

በመጨረሻው ክፍል ማህደር ወደ እኛ በኩል ተመለሰች። ውሃ ልትጠጣ ጭንብሏን ስትገልጥ እናቷን መስታወቱ ሥር አገኘቻቸው። ውሃው በአገጯ እስኪወርድ ድረስ ቆማ ቀረች።

አሸነፉ። ጨዋታው ሲያበቃ እትዬ ዘነበች መጀመሪያ የሄዱት ወደዚያችኛዋ ልጅ ነው። ጉንጯን አገላብጠው ስመው የተረፈውን ቆሎ ከነፌስታሉ አስጨበጧት። ማህደር ቦርሳዋን እየጎተተች መጣች።

"ማሚ፣ ለእነሱ ቺር አደረግሽ?"

"እናቷ አልመጣችም" አሉ።

መኪናው ጋ ስንደርስ ጋሼ መኮንንና እኔ እንደ ወጉ እንደገና ቆመን መልሳቸውን ጠየቅን።

"ቤቱስ ቤት አይደለም" አሉ እትዬ ዘነበች። "ያፈሳል፣ ይሸታል፣ በሩም አይዘጋ። ግን ሰው አለበት። እዚያ የምትሄድበትስ?"

"እዚያማ በፎቶ አይቼዋለሁ፣ ትልቅ ነው፣ ስፖንጅ ወንበር፣ ስክሪን…" ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ።

"ወንበሩን አልጠየቅኩህም። እንደዚያች ልጅ ስትንበረከክ ከኋላዋ ማን አለ?"

ማህደር መሬት መሬቱን አየች። ያ ባዶውን ሳየው ደስ ያለኝ ትልቅ አዳራሽ ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

እትዬ ዘነበች የልጃቸውን ራስ ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው ረጅም ምርቃት መረቋት። "አሜን፣ አሜን" አልን። ማህደር በእናቷ ጋቢ ውስጥ ሆና ታለቅሳለች፤ እኔም እንባ እንደማልችል ነግሬያችኋለሁ። ምርቃቱ ሲያበቃ ግን ወደ እኛ ዞሩ።

"እንግዲህ ሰጥቻችኋለሁ። ልጄን የጠየቃችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ ዋሶቿም እናንተ ናችሁ። የመጀመሪያ ጨዋታዋ ዕለት እዚያው ሄዳችሁ ከኋላዋ ትቆማላችሁ። ጎን ይቀያየራሉ ካልክ ደግሞ ሁለት ናችሁ፤ አንዳችሁ ወዲህ፣ አንዳችሁ ወዲያ ሁኑ። ቦታችሁን ግን እንዳትለቁ። ያቺኛዋም የሰው ልጅ ናት።"

ይኸው ወፍራም የውስጥ ሱሪ እየገዛሁ ነው። ጋሼ መኮንን የዚያን የሰሜኑን አዳራሽ ፕላን ከኢንተርኔት አውጥተው ሲያጠኑ ከርመው፣ ሞተር ክፍሉ የሚገኝበትን ጎን ይሞቃል ብለው ለራሳቸው ያዙ። ለእኔ የደረሰኝ በሩ ያለበት ነው።